ስኮፑ ውስጥ የታጠፈው መስመር

ሰኞ

ይሄኛውም ታጥፏል። ሁለተኛው የጠመንጃ ስኮፕ መሆኑ ነው።

ከሥራ እንደገባሁ ካርቶኑን ከፍቼ፣ ስኮፑን ብቻውን ይዤ (ጠመንጃው ሳጥኑ ውስጥ እንደተቆለፈ ነው) መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን የፎቅ ጥግ አየሁበት። ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት ጥግ መሃሉ ላይ ሆዱን ነፋ። የሬቲክሉ ቋሚ መስመርም እንደዚያው። ባለፈው ሳምንት የመለስኩት ስኮፕም ያደረገኝ ይሄንኑ ነው።

ባለቤቴ ሰሚራ ከኋላዬ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ፣ ከመስኮቱ ዞር በል! ሰው አይቶ ፖሊስ ቢጠራስ?»

እውነቷን ነው። ጀማል የሚባል ሰው እዚህ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ውስጥ ከፎቅ ላይ በጠመንጃ መነጽር ሰፈሩን ሲቃኝ ቢገኝ፣ ፈቃዴንና የክለብ መታወቂያዬን እስካወጣ የሚጠብቀኝ አይኖርም። መጋረጃውን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እሷ ግን አልበረደላትም።

«ሬቲክል ሬቲክል ትላለህ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ስኮፑ ውስጥ በመስቀል ቅርጽ የሚታየው መስመር ነዋ። ዒላማው ላይ የሚያርፈው።»

«እና ከመስመር መስመር ምን ያማርጣል?»

ምን ልበላት? ያለፈው የተኩስ ውድድር ላይ ያዋረደኝ መስመር ነው። የድሮው ስኮፔ መስመሮች ልካቸውን የሚናገሩት አጉሊው እስከ መጨረሻው ሲዞር ብቻ ነው። እኔ ዒላማውን ለመፈለግ አጉሊውን ቀነስኩ፣ ቀንሼም ረሳሁት፣ በመስመሮቹ ለክቼ ተኮስኩ። ጥይቱ የት እንደገባ አላህ ይወቅ። ተስፋዬ፣ የቡድን ጓደኛዬ፣ ሲነዳም ሲበላም ሲጸልይም አፉ የማያርፍ ሰው፣ ከተኩስ ሜዳው እስከ ቶሮንቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው አዲስ ስኮፕ ልግዛ ያልኩት።

የምፈልገው ይሄ ነው፦
መስመሮቹ ከዒላማው ጋር አብረው የሚያድጉና የሚያንሱ፣ አጉሊው የትም ቢሆን የማይዋሹ።
ልኩ ከተስፋዬ ጋር አንድ የሆነ። እሱ «ሚል» በሚባለው መለኪያ እየተናገረ እኔ በሌላ ልክ እንዳላሰላ።
መስመሩ ቀጥ ያለ። ይሄን መጻፍ ያስፈልጋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነው። ነገ ከሥራ በኋላ ሱቅ እመለሳለሁ።

ሰሚራ እራት ስታቀርብ ጉንጬን ቆንጥጣ «ፊትህ ሞላ እኮ፣ የሙሽራ ፊት መሰለ» አለችኝ። ስበላ ነው የምውለው፣ ይገርማል። እንቅልፍ ግን የለም።

ማክሰኞ

የሱቁ ባለቤት ግሌን ሽማግሌ ነው፣ ትዕግሥቱ ግን እያለቀ መሆኑን ከአተነፋፈሱ አወቅሁ። ስኮፑን ማሰሪያ ላይ አስሮ በበሩ በኩል ወደ መብራት ምሰሶው አነጣጠረና አየ። «ኢትስ ፐርፌክትሊ ስትሬት፣ ማይ ፍሬንድ።» ፍጹም ቀጥ ያለ ነው ማለቱ ነው።

ተስፋዬም ከስካርቦሮ፣ ከኤሌክትሪክ ሥራው በቀጥታ መጥቶ ነበር፣ እስከነ ቦት ጫማው። እሱም ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ ቆየ። «ቀጥ ያለ ነው፣ ጄ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

እኔ አየሁ። ታጥፏል።

ደሜ ፈላ። ሁለቱ ተመካክረው ያሾፉብኛል ብዬ አሰብኩ። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ግን አሰብኩት። ግሌን ዕቃውን መመለስ አይፈልግም፣ ተስፋዬ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ፈረንጁን መቃወም አቃተው አልኩ በሆዴ። ለግሌን «ምናልባት መስመሩ በጣም ቀጭን ሆኖብኝ ይሆናል» አልኩት፣ ጠብ እንዳይሆን።

እሱም ሌላ አመጣ። ወፈር ያለ መስመር፣ ከመሃሉ በታች መረብ የሚመስል ነጥብ በነጥብ። አንዱ ጥይት ከሳተ ነጥቦቹን ቆጥረህ ሁለተኛውን ታስተካክላለህ። አንዳንዱ ሰው መረቡ ያጨናንቀኛል ይላል፣ እኔ ግን ገና ሳየው ወደድኩት። ወደድኩት ስል፣ ዳር ዳሩን። መሃሉ ላይ ነጥቦቹ የተጠማዘዙ ናቸው። ይሄን ጊዜ ምንም አልተነፈስኩም። ግሌን «እስከ ቅዳሜ ሞክረው፣ ካልሆነ አምጣው» ብሎ ሰጠኝ።

መኪናው ጋ ስንደርስ ተስፋዬ ለቀልድ ያህል «አንተ እኮ መስቀል ስታይ ነው የሚጣመምብህ፣ ና ቤተ ክርስቲያን ልውሰድህ» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን «አንተ ደግሞ ሳትሰብክ አትተኩስም» እለው ነበር። ዛሬ በሩን በኃይል ዘጋሁት።

አሁን የሚመጣውን መጻፍ ከብዶኛል።

ለመግሪብ ውዱእ ሳደርግ ፊቴን ስታጠብ ሳሙና ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጨፈንኩት። በቀኝ ዓይኔ ብቻ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ አየሁ፣ ነጩን ሸክላ። የሸክላዎቹ መጋጠሚያ መስመር መሃሉ ላይ ሆዱን ነፍቷል።

ስኮፕ የለም። መስታወት የለም። ግድግዳ ነው።

ቀኙን ጨፍኜ በግራው አየሁ። ቀጥ። እንደገና በቀኝ። ታጠፈ። ውሃው እየፈሰሰ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። መሃሉም ትንሽ ደብዝዟል፣ እርጥብ ጣት እንደነካው ወረቀት።

ግሌን አልዋሸም። ተስፋዬም አልዋሸም።

የምፈራው፦ መታወር። መንጃ ፈቃዴ። ሰሚራ። ነገ ጠዋት በትምህርት ቤት አውቶቡሴ የማነሳቸው ልጆች። ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆኑን ሳነበው ራሴን ጠላሁት፣ ልጆቹ መጀመሪያ መምጣት ነበረባቸው።

ለሰሚራ አልነገርኳትም። ሶላቴን ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ጠፍቶኝ ደገምኩት።

ረቡዕ

ነዳሁ።

ሁለቱም ዓይኔ ሲከፈት ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ ግራው ለቀኙ ይሸፍንለታል፣ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጠዋት አውቶቡሱን ስፈትሽ ጎማውን፣ መብራቱን፣ የድንገተኛ በሩን አየሁ። ዝርዝሩ ላይ «የሹፌሩ ዓይን» የሚል የለም።

እስከ አራተኛው ፌርማታ ሰላም ነበር። እዚያ አምስት ልጆች አሉኝ። ከማዶ ተሻግረው በፊት ለፊቴ ነው የሚመጡት። ቀዩ መብራት በራ፣ የማቆሚያው ምልክት ተዘረጋ፣ መኪናዎች ቆሙ። የኅዳር ፀሐይ በግራ በኩል ዝቅ ብላ ስለምትመታ ግራ ዓይኔን ሳላስበው ጨፍኛለሁ። ሲገቡ ቆጠርኩ። አራት።

ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋ። ከፊቴ ማንም ስላልታየኝ ሁሉም ገብተዋል ብዬ በሩን ልዘጋ እጄ ማብሪያው ላይ ደርሷል። እግሬ ግን ከፍሬኑ አልተነሳም። ለምን እንዳልተነሳ ዛሬ ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ልምድ ነው። ቁጥሩ ሳይሞላ እግሬ አይነሳም።

ግራ ዓይኔን ከፈትኩ። ከአውቶቡሱ አፍንጫ ሥር ቀይ ኮፍያ ብቅ አለ። ትንሿ ልጅ ጓንቷ ወድቆባት ጎንበስ ብላ ስታነሳ ነበር። ጓንቷን እያውለበለበች ገባች። «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሚስተር ጄ!»

ገብታ እስክትቀመጥ በመስታወቱ ተከተልኳት። 

አውቶቡሱን ጥግ አስያዝኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቅዬ ስምሪት ክፍል ደወልኩ። «አሞኛል፣ ሰው ላኩልኝ» አልኩ። የስምሪቷ ሴትዮ ምንህን ነው ብላ ስትጠይቀኝ ሆዴን ልል ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ዓይኔን» አልኩ። «የሐኪም ማስረጃ ሳታመጣ መሪ እንዳትነካ» አለችኝ።

ተጠባባቂው ሹፌር ጋሽ ግርማ እስኪመጡ ልጆቹ ዘፈን ዘፈኑልኝ። አንድ አባት በመኪናው መጥቶ ልጄ አረፈደች ብሎ ጮኸብኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት። ጋሽ ግርማ ቁልፉን ሲቀበሉኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ምን ሆነህ ነው አንተ ልጅ? ፊትህ አመድ መስሏል» አሉኝ። «ጋሼ፣ እዚህ ፌርማታ አምስት ናቸው» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ለሰሚራ ነገርኳት። ስለ ዓይኔ ስነግራት እጄን ያዘችው። ዛሬ ጠዋት ነዳሁ ስላት ለቀቀችው።

«እያወቅህ? ልጆች ጭነህ?»

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። ተነስታ ሥራ ቦታዋ ኮል አደረገችና የነገውን ሽፍት ሰረዘች። አብራኝ ልትሄድ ነው። እንደተቆጣች።

ሐሙስ

ጠዋት መነጽር የሚያዝልኝ ሐኪም አየኝና ሳቁን ተወ። እዚያው ቀጠሮ አስይዞ ወደ ዓይን ክሊኒክ ላከኝ። ጠብታ አደረጉብኝ፣ ብርሃኑ ሁሉ አሸዋ ሆነብኝ። አገጭህን አስቀምጥ፣ አትንቀሳቀስ፣ አረንጓዴውን ነጥብ እይ። እንደ ተኩስ ነው። ትንፋሼን መያዜን ያወቅሁት ሐኪሟ «መተንፈስ ይቻላል» ስትለኝ ነው።

ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ አሳየችን። የግራው ዓይን ጀርባ ዝርግ ነው። የቀኙ መሃሉ ላይ ጉብ ብሏል። ሬቲና ከሚሉት ከዓይን ጀርባው ስስ ሽፋን ሥር ውሃ ቋጥሯል አለች። መስመር የሚታጠፍብኝ ለዚህ ነው። ስኮፑ አይደለም፣ የሚያየው ነው የተጣመመው። ብዙ ጊዜ በራሱ ይመጠጣል፣ አንዳንዴ ግን ጠባሳ ይተዋል። አውቶቡስ፣ እንደገና እስከምታየኝ ድረስ፣ የለም።

«ጭንቀት አለብህ?» አለችኝ። ሰሚራ በእኔ ፋንታ ሳቀች።

«የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

«የለም» አልኩ። ሳላስብ፣ ሳልዋሽ። በእውነት የለም ብዬ ነው።

ማታ እራት በልተን ስናበቃ እንደልማዴ ከምሳ ቦርሳዬ ትንሿን ነጭ ክኒን አውጥቼ ዋጥኩ። ሰሚራ ሳህን እያነሳች ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የወገቤ ነው። ዘይነባ የላከችልኝ።»

እህቴ ዘይነባ ደሴ ነው ያለችው። ስነዳ ወገቤን እንደሚያመኝ ስነግራት መድኃኒት ቤት ጠይቃ፣ ወደዚህ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ላከችልኝ። በእውነትም ተአምር ነው፣ በሳምንቱ እንደ ጎረምሳ ነበር የምዘለው። ሲያልቅ ጨምራ ላከች። ከዚህ አገር በጋ ጀምሮ እወስደዋለሁ።

«መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ስትልህ የለም አላልክም?»

«ይሄ እኮ ከቤት የመጣ ነው!»

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። ጮክ ብዬ። ከእህቴ እጅ የመጣ ነገር መድኃኒት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፣ እንደ በርበሬና እንደ ሽሮ ነው የማየው።

ሰሚራ የክኒኑን ማሸጊያ ተቀብላኝ አነበበች። ፕሬድኒሶሎን፣ ስቴሮይድ የሚባለው ጠንካራ መድኃኒት። ሳህኑን አስቀመጠች። እሷ የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ይሄ ክኒን ሲሰጥ ነርሷ ስኳራቸውን፣ ግፊታቸውን፣ ዓይናቸውን እየተከታተለች ነው። «ፊትህ የሞላው» አለች ቀስ ብላ። «እንቅልፍህ። ምግቡ። እኔ ደግሞ አማረብህ እልሃለሁ።»

ተቀምጣ አለቀሰች። ከጩኸቷ ይልቅ ይሄ ፈጀኝ።

ዓርብ

ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ስፒከር ላይ አድርጌው፣ ሰሚራ ማሸጊያውን ይዛ ከጎኔ። የክኒኑን ስም ስናነብላት ሐኪሟ «ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል» አለች። ምናልባት ይሄ ነው ያመጣው። እሱ ሲቆም ውሃው የመድረቅ ዕድሉ ጥሩ ነው። ምናልባት፣ አለች። ቃሉን ሁለት ጊዜ ነው ያለችው፣ እኔም ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

ቆሻሻ ውስጥ ልጥለው ተነስቼ ነበር፣ እሷ እንዳየችኝ ሁሉ «በራስህ በአንዴ እንዳታቆም» አለች። ሰውነት ለምዶታል፣ በአንዴ ሲቋረጥ አደጋ አለው። የቤተሰብ ሐኪሜ ቀስ በቀስ ያስቀንሰኛል። ከሰዓት አየኝ፣ አቀናነሱን ጻፈልኝ፣ ተቆጣኝም።

ለዘይነባ አልነገርኳትም። ብነግራት ገደልኩት ብላ ጸጉሯን ትነጫለች። ሌላ እንዳትልክ ብቻ «ወገቤ ተሽሎኛል» አልኳት። ተመስገን አለች።

ለተስፋዬ ግን ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ኤሌክትሪክ እያጠፋ እያበራ ያዳምጠኛል፣ ሲዘጋ ሲከፈት ይሰማኛል። ስጨርስ ቆመ።

«ሱቁ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲታየኝ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ካለፈው ውድድር በኋላ ፈርቶ ሰበብ እየፈለገ ነው አልኩ። ይቅር በለኝ።»

«እኔም አንተ ፈረንጅ ፈርተህ ነው ብያለሁ።»

«እንግዲያው ተካክለናል። ነገ ትመጣለህ።»

«በየትኛው ዓይን?»

«በደህናው! እኔ እተኩሳለሁ፣ አንተ ነፋሱን ታነብልኛለህ። ጌታ ሁለት የሰጠህ ለምን ይመስልሃል?»

ቅዳሜ

ተመልሰናል። ደክሞኛል፣ ግን ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ከቶሮንቶ ወጥተን ወደ ሰሜን፣ ተስፋዬ እየነዳ፣ እየዘመረ። ጠመንጃዬ ቤት ቀርቷል። አዲሱን ስኮፕም ከነካርቶኑ ለግሌን በመንገዳችን መለስኩለት። ምክንያቱን ስነግረው ጥርሱን ነክሶ ራሱን ነቀነቀና፣ የሱም ወንድም ስኳር ዓይኑን ወስዶበት እንደነበር ነገረኝ። ለእኔ ያስቀምጥልኛል።

ሜዳው በረዶ አቧራ መስሎ ነስንሶበታል። እኔ የማያው በባለ ሦስት እግሩ መነጽር ነው፣ የሱም ውስጥ መረብ አለ፣ እንደ ተስፋዬ ሬቲክል በ«ሚል» የሚለካ። እሱ ጠመንጃው ላይ ተኝቷል፣ እኔ ከጎኑ። ባጎነበስኩ ቁጥር ሰውነቴ ቀኙን ዓይን ያቀርባል፣ የዕድሜ ልክ ልማድ ነው። ከባርኔጣዬ ሥር በመሃረብ ሸፈንኩት።

ቅርቦቹን የብረት ዒላማዎች መታ። መካከለኞቹንም። የመጨረሻው፣ የሩቁ፣ ጥይት ሁለት ብቻ ነው የተፈቀደለት። ባንዲራው ወደ ግራ ይላል፣ ብረቱ አጠገብ ያለው ሳር ግን ተኝቷል። ባንዲራውን አመንኩና ነገርኩት። ሳተ። አፈሩ ከብረቱ በስተቀኝ ጨሰ።

እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት። ግራ ዓይኔን ተጠራጠርኩት። መሃረቡን ከፍ አድርጌ በቀኙ አየሁ።

ብረቱ የለም።

ሳሩ አለ፣ ጉብታው አለ፣ መረቡ ዳር ዳሩ አለ። መሃል ላይ፣ ብረቱ ባለበት፣ ግራጫ ነገር። ረቡዕ ጠዋት እንዲህ ነበር የማየው? ከአውቶቡሱ አፍንጫ ሥር?  

«ጄ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለ ተስፋዬ፣ ጉንጩን ከጠመንጃው ሳያነሳ።

መሃረቡን መልሼ ወደ ታች ጎተትኩት። በግራው አየሁ። ብረቱ ቁጭ ብሏል። አፈሩ የጨሰበትን ከመሃል ቆጠርኩ፣ ሁለት ነጥብ። እንደገና ቆጠርኩ። ሁለት።

«ሁለት ወደ ግራ ያዝ። ሳሩን ነው ያመንኩት፣ ባንዲራውን ተወው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።»

ቢስሚላህ አልኩ፣ ተኳሹ እሱ ሆኖ ሳለ። ጠመንጃው ጮኸ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ከሩቅ፣ ቀጭን፣ የብረት ድምፅ።

ተስፋዬ ተነስቶ በረዶው ላይ ጨፈረ። ዋንጫ የለም፣ ከአሸናፊዎቹም አልነበርንም። ስንመለስ ግን መንገዱን ሙሉ አወራ። እንዲህ ደስ የሚል ጫጫታ ሰምቼ አላውቅም።

እሁድ

ክሊኒኩ የሰጠኝን ካርድ ሰሚራ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ነጭ ካርድ፣ ጥቁር መስመሮች፣ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን፣ መሃሉ ላይ ነጥብ። በየጠዋቱ ግራዬን ሸፍኜ ነጥቡን ማየት፣ መስመሮቹ ከባሱ መደወል።

ልጄ ሂባ እርጎ ልታወጣ መጥታ ቆም ብላ አየችው። «ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ላይክ ዩር ስኮፕ ቲንግ።» የስኮፕህን መስመር ይመስላል ማለቷ ነው።

እውነትም። ስንት ሳምንት ስኮፕ ሳማርጥ፣ ቀጭን ሆነ ወፍራም ሆነ ስል፣ መጨረሻ የደረሰኝ ሬቲክል በነፃ ፍሪጅ ላይ ተለጠፈልኝ። አጉሊ የለው፣ ልክ የለው።

አየሁት። ታጥፏል። ከትናንት ይሻላል ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን ዓይኔ ይሁን ምኞቴ አላወቅሁም። ሰሚራ መጥታ ከጎኔ ቆመች፣ እሷም አንድ ዓይኗን ሸፍና አየች። ከረቡዕ ወዲህ እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም።

«ለእኔ ቀጥ ነው» አለች።

«ላንቺማ ቀጥ ነው።»

ሳቀች፣ በጣም ትንሽ። ነገ ሰኞ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነም የሚያውቅ የለም። ከእሷ ጋር ስለ ቤት ኪራዩ እናወራለን። ዛሬ አይደለም።

ከዙሁር በኋላ ጋሽ ግርማ ጋ ደወልኩ። መስመሬን እሳቸው ናቸው የሚነዱት።

«ጋሼ፣ አራተኛው ፌርማታ...»

«አምስት ናቸው። ነግረኸኛል እኮ።»

«ባለቀይ ኮፍያዋ ጓንቷን ትጥላለች። ከአውቶቡሱ ፊት ጎንበስ ትላለች። እባክዎን ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ።»

የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር።

«ዓርብ ዕለት ጥላ ነበር» አሉ። «ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።»